አንድ የሚያስቅ ዜና ይታዘዝልን

ድሬ ላይ ሲመሽ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ የታመመና የተኳረፈ፡፡ የቀረነው ሁላችንም ውጪ ነን፡፡ ፍራሹ ውጪ ነው፣ ጀበናው ውጪ ነው፣ ቬንትሌተሩም ገመዱ ከደረሰለት ውጪ ነው፡፡ በእኛ ግቢ ደግሞ ቴሌቪዥኑም ውጪ ነው፡፡ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት ይወጣል፤ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ሊተኛ ሲል ደግሞ እንደ ሙሽራ ተደግፎ ይገባል፡፡

እኛ ማለት አምስት ነን፡፡ ለገሃሬ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ያደግን፣ አንድ ኳስ የቀደድን፣ አንድ ፈጢራ ለአምስት የተካፈልን፡፡ ዛሬ ሁለታችን ሥራ አለን፣ ሁለታችን ሥራ እየፈለግን ነው፣ አንዳችን ደግሞ ባጃጅ ይነዳል (ባጃጁ የሰው ስለሆነ ከየትኛው ወገን እንደምንቆጥረው እስካሁን አልተስማማንም)፡፡

ሥራ ካላቸው አንዱ መምህር ነው፡፡ አንደኛ ደረጃ ያስተምራል፡፡ የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ዜና ሲጀምር በግቢያችን ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ሪሞቱ የመምህሩ ነው፡፡ ድምፁን ያጠፋውና ዜናውን ራሱ ያነበዋል፡፡ ምስሉ የቴሌቪዥኑ፣ ድምፁ የእሱ፡፡ ሪባን ሲቆረጥ ከታየ «ክቡርነታቸው በዛሬው ዕለት አዲሱን መቀስ መርቀው ከፍተዋል» ይላል፡፡ አዳራሽ ሙሉ ሰው ካየ «ተሰብሳቢዎቹ ስብሰባ መብዛቱን በጥብቅ አውግዘው፣ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ለመወያየት ሌላ ስብሰባ ጠርተዋል» ይላል፡፡ የአየር ፀባዩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ድሬዳዋ… ድሬዳዋ እንደምታውቋት ናት» ብሎ ይዘጋል፡፡ ይኼን ያህል ዓመት ሰምተነዋል፣ ይኼን ያህል ዓመት ስቀናል፡፡

እንግዲህ በቅርቡ አንድ ማታ ከመካከላችን አንዱ «አቦ ይኼ ነገር ለምን በከንቱ ይቀራል? እንቅረፀው!» አለ፡፡ ተነሳን፡፡ ስቱዲዮ ያስፈልጋል ተባለ፤ የወባ አጎበር ከኋላ ሰቀልን፡፡ መብራት ያስፈልጋል ተባለ፤ የባጃጁን የፊት መብራት አበራን፡፡ ስም ያስፈልጋል ተባለ፤ አጎበሩን አይተን «የአጎበር ዜና» አልነው፡፡ አራት አራት ደቂቃ የሚሆኑ ሦስት ፕሮግራሞች ቀረፅን፡፡ ከዚያም ዓለም ከማየቱ በፊት ግቢው ይየው ብለን በፍላሽ አድርገን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካነው፡፡ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፡፡ ቆጥረናል፤ ተመልካቹ አሥራ አንድ ሰውና አንድ ፍየል ነበር፡፡

ወዳጆቻችን፣ ይኼን የምንጽፍላችሁ የተመልካቾቹን አስተያየት ልናካፍላችሁ ነው፡፡ በሕይወታችን እንደዚያ ሌሊት የተማርንበት ሌሊት ጥቂት ነው፡፡

የመጀመሪያው አስተያየት የመጣው ከሙሴ ነው፡፡ ሙሴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፡፡ ሰላምታቸው ዛሬም ፈረንሳይኛ ነው፡፡ ይቺ ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ተወለደች፤ ሙሴም ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበሩ ይመስል ስለ ሁሉም ነገር ያውቃሉ፡፡ ፕሮግራሙን አይተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ጥሩ ነው፣ ግን አዲስ ነገር አይደለም» አሉ፡፡ ፊታችን ሲጠቁር አይተው አብራሩልን፡፡

አማርኛ ቲያትር ገና ሀ ብሎ ሲጀምር የጀመረው በፌዝ ነው፡፡ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ጨዋታ ጽፈው የዘመኑን ሹማምንት ብልሹነት በአውሬዎች አፍ አናገሩት፡፡ ሰውየው ለእኛ ሩቅ አይደሉም፤ ልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ቤት ነው፣ ኋላም ጨርጨርን አስተዳድረዋል፣ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ ናቸው፡፡ ጨዋታቸው ግን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፡፡ «ስለዚህ» አሉ ሙሴ፣ «የመጀመሪያው ፌዘኛም የመጀመሪያው የታገደም እሳቸው ናቸው፡፡ እናንተ ሁለተኛ ብትሆኑ አትፈሩ፡፡»

ለማበረታታት ነው ያሉት መሰለን፡፡

ሁለተኛው አስተያየት ከመምህሩ እህት ነው፡፡ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች፡፡ የቤቱ ቀበቶ እሷ ናት፡፡ «በጣም ያስቃል» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም፡፡ «አሁን አጥፉት፡፡»

«ለምን?»

«አንተ መምህር ነህ፡፡ የእኔና ያንተ ደመወዝ አንድ ላይ ተደምሮ አምስት ሰው ያበላል፡፡ አንተ አራት ደቂቃ ስትቀልድ እኔ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣለሁ፡፡»

እዚህ ላይ ሥራ ፈላጊው (ሕግ ያጠናው) ጣልቃ ገባ፡፡ ዲግሪው ሥራ ባያገኝለትም በክርክር ጊዜ ሥራ ላይ ነው፡፡ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሆኑን ጠቅሶ፣ አዋጁ ራሱ ለፖለቲካ ትችትና ለኪነ ጥበብ ፈጠራ በር መተዉን አስረዳ፡፡ ደግሞም በማኅበራዊ ሚዲያ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ቅጣቱ የሚከብደው ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ሰው ነው አለ፡፡ «እኛ ደግሞ» አለ፣ በእጁ ግቢውን እያሳየ፣ «አሥራ አንድ ነን፡፡ ፍየሏን ብትቆጥሪያት አሥራ ሁለት፡፡»

እህትየው ስቃ ነበር፡፡ ወዲያው ግን «አሥራ ሁለተኛዋን ነው የምፈራው» አለች፡፡ «ሰው አምኜው የማላውቀው እሱን ነው፤ ዝም ብሎ የሚያየውን፡፡»

እውነቷን ነው፡፡ እኛ አገር ቀልድ ሲነገር ሰው መጀመሪያ አይስቅም፤ መጀመሪያ ዞር ብሎ ያያል፡፡ ማን እንዳለ ካየ በኋላ ነው የሚስቀው፡፡ ሳቃችን ሁልጊዜ ግማሽ ሴኮንድ የሚዘገየው ለዚህ ይመስለናል፡፡

ሦስተኛው አስተያየት ከባጃጅ ነጂው ነው፡፡ እሱ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ፡፡ «የሚያስፈራ ነገር የለውም፡፡ ችግሩ ድፍረቱ ሳይሆን ሽፍንፍኑ ነው፡፡ ማንን እንደምትናገሩ እንኳ አይታወቅም» አለ፡፡ ቀጥሎ «ምን ልታዘዝ»ን አነሳ፡፡

«ምን ልታዘዝ»ን ታስታውሱታላችሁ፡፡ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው፣ ካፌ ውስጥ የሚካሄደው ድራማ፡፡ እኛ ግቢ ያን ጊዜ ወንበር አይበቃም ነበር፡፡ የካፌው ሰዎች ስለ ካፌው ሲጨቃጨቁ እኛ ግን ስለ አገሩ ነበር የምንሰማው፡፡ አንዱ ገጸ ባሕርይ አፉን በከፈተ ቁጥር «ይኼ እገሌ ነው!» «አይደለም፣ እገሌ ነው!» እየተባለ ክርክሩ ከድራማው ይረዝም ነበር፡፡ ሻይ ታዘዘ ሲባል በጀት ነው እንላለን፤ አስተናጋጅ ተቆጣ ሲባል ክልል ነው እንላለን፡፡ አንዳንዱን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያሰቡት አይመስለንም፤ እኛው ነን ያሳሰብናቸው፡፡ ድራማው ብዙም ሳይቆይ ከፋና ወረደ፡፡ እኛ ግቢ ውስጥ ለሳምንታት በዚያ ሰዓት ሰው እየመጣ «ዛሬም የለም?» ይል ነበር፡፡

«እሱ ጎበዝ ነበር» አለ ባጃጅ ነጂው፣ «ግን ካፌ ካፌ ሲባል አንድ ቀን የእውነት ካፌ መስሎ ይቀራል፡፡ ወርቁ ሲጠፋ ሰሙ ብቻ ነው የሚተርፈው፡፡»

ሙሴ አልተስማሙም፡፡ አለቃ ገብረ ሃናን አነሱ፤ ሰምና ወርቁ ባይኖር ኖሮ ያቺ አንገት ስንት ቀን በትከሻ ላይ ትቆይ ነበር ብለው ጠየቁ፡፡ አዝማሪው ጌታው ቤት ቆሞ ጌታውን የሚነካው ማሲንቆው ስለሚሸፍነው ነው አሉ፡፡ በቅርቡም ቢሆን፣ በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን መድረክ ላይ የተጫወተው እያዩ ፈንገስ ያንን ሁሉ የተናገረው እንደ እብድ ለብሶ ነው፤ «እብድ ነው» የምትለዋ ቃል ማሲንቆ ሆናለታለች፡፡

ይኼ ክርክር ለረጅም ጊዜ ሄደ፡፡ እኛም ሁለት ሐሳብ ሆነን ቀረን፡፡ እውነቱን ለመናገር ቴሌቪዥናችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ አስቆናል፡፡ አለባቸው ተካ አስቆናል፣ ደረጀና ሀብቴ አስቀውናል፣ ሰይፉ ፋንታሁን ለዓመታት በኢቢኤስ እንግዳ እየጋበዘ አጫውቶናል፡፡ ግን ዜናውን ራሱን ቁጭ አድርጎ፣ በስሙ ጠርቶ፣ «ትናንት እንዲህ አላልክም ነበር ወይ?» እያለ የሚያስቅ ፕሮግራም ማታ ማታ መመልከት አልለመድንም፡፡ ጎረቤቶቻችን ለምደዋል፡፡ ኬንያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ካርቱኒስቱ ጋዶ የጀመረውን «ኤክስ ዋይ ዚ ሾው» ነበራቸው፤ የፖለቲከኞቻቸውን ፊት በአሻንጉሊት ሠርተው፣ በስማቸው እየጠሩ፣ በቴሌቪዥን ያናግሯቸው ነበር፡፡ ናይሮቢ ከእኛ ስንት ሰዓት ነው?

አራተኛው አስተያየት የግብፅ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ሁለተኛው ሥራ ፈላጊ ዓረብኛ ይሰማል፤ የባሴም ዩሱፍን ታሪክ የነገረን እሱ ነው፡፡ ባሴም የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ሙባረክ ከወረዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ፣ ያውም ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ካሜራ አቁሞ በዩቲዩብ መቀለድ ጀመረ፡፡ (ይኼን ስንሰማ አጎበራችንን ዞር ብለን በኩራት አየነው፡፡) ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን ገባና ዓረቡን ሁሉ አሳቀ፡፡ በ2013 በሙርሲ ጊዜ አቃቤ ሕግ ጠርቶ መረመረው፡፡ ሙርሲ ወርደው ወታደሮቹ ሲመጡ ደግሞ ትናንት «ጎሽ!» ይሉት የነበሩት ብዙዎቹ ተቆጡት፡፡ የሚሠራበት ጣቢያ ፕሮግራሙን አቆመው፤ ሌላ ጣቢያ ሄደ፤ በ2014 ሰኔ ላይ በቃኝ ብሎ ዘጋው፡፡

«ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን?» አልነው፡፡

«ሰው ሁሉ ፌዝ ይወዳል፤ እስኪደርስበት፡፡»

እኛ የፈራነው መንግሥትን ብቻ ነበር፡፡ ባሴምን ግን ሌላም ነገር ነው የጎዳው፤ ተመልካቹ፡፡ የሌላው ሰው ሲነካ ከወንበሩ እስኪወድቅ የሚስቅ፣ የራሱ ሲነካ ወንበሩን የሚወረውር ተመልካች፡፡ አሜሪካኖቹ እንኳ ይኼን ያህል ዘመን የማታ ፌዝ ለምደው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የጂሚ ኪሜል ፕሮግራም በአንድ ንግግሩ የተነሳ ከአየር ወርዶ ነበር፡፡ ልዩነቱ ሳምንት ሳይሞላው መመለሱ ነው፡፡ ብዙ ተመልካች ስለጮኸለት፡፡

አሁን ወደ ዋናው አስተያየት እንምጣ፡፡ እስካሁን ስንዞር የነበረው ለመናገር ስለከበደን ነው፡፡

በግቢያችን አዴ አሉ፡፡ ኦቾሎኒ በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ፡፡ ዜና በጀመረ ቁጥር ምንጣፋቸውን ዘርግተው፣ ኦቾሎኒያቸውን እየፈለፈሉ ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፡፡ መምህሩን በሕፃንነቱ በወባ ሲንቀጠቀጥ አዝለው ክሊኒክ የወሰዱት እሳቸው ናቸው፡፡ ኦሮምኛ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ እኛ አምስታችንም አፋችንን የፈታነው ግማሹን በእናቶቻችን፣ ግማሹን በአዴ ነው፡፡ ሁልጊዜ ሊገቡ ሲሉ «ነጋያን ቡላ» ይሉናል፡፡ በሰላም እደሩ፡፡

ሦስተኛው ፕሮግራም ላይ መምህሩ አንድ ኃላፊ ሆኖ ስለ አንድ መንገድ መግለጫ ይሰጣል፡፡ ኃላፊው የፈጠራ ሰው ነው፡፡ መምህሩ ግን፣ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም፣ ኃላፊውን አማርኛ የሚያስቸግረው ሰው አደረገው፡፡ ቃል ያጣምማል፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፡፡ ከሦስቱ ፕሮግራሞች ሁሉ በጣም የተሳቀው በዚህ ነው፡፡ ሙሴ እንኳ እንባቸው መጣ፡፡ እኛማ መሬት ላይ ነበርን፡፡

አዴ መፈልፈል አቆሙ፡፡

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፡፡ እንዴት አድርገው እንዳሉት አንጽፈውም፤ በደንቡ አማርኛ ነው የምንጽፈው፡፡ «ልጄ፣ ሰውየው መንገዱን ስላልሠራ ነው የምትስቁት፣ ወይስ እንደ እኔ ስላወራ?»

ማንም አልመለሰም፡፡ አዴ ምንጣፋቸውን አጠፉ፡፡ ኦቾሎኒያቸውን ያዙ፡፡ ገቡ፡፡ «ነጋያን ቡላ» አላሉንም፡፡

በሚቀጥለው ቀን አልወጡም፡፡ በሦስተኛውም ቀን አልወጡም፡፡ መጀመሪያ ላይ ያልነው እንግዲህ ይኼ ነው፤ ድሬ ላይ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የታመመና የተኳረፈ ነው፡፡ አዴ ደግሞ አልታመሙም፡፡

እነዚያን ቀናት ሪሞቱን የነካው የለም፡፡ ዜናው በራሱ ድምፅ ተነበበ፡፡ እኛም ተቀምጠን ያየናቸውን ቀልዶች ሁሉ ወደ ኋላ እያስታወስን ቆጠርን፡፡ ዘበኛው ለምን ያስቃል? ሲናገር፡፡ የቤት ሠራተኛዋ ለምን ታስቃለች? ስትናገር፡፡ ከገጠር የመጣው ዘመድ ለምን ያስቃል? ሲናገር፡፡ ያደግንበት ቀልድ ግማሹ የሰው አፍ ነው፡፡ ጌታው ሲሳቅበት እንኳ በጌትነቱ ሳይሆን በአነጋገሩ ነው የሚሳቅበት፡፡ ይኼ ደግሞ ለጌታው ይመቸዋል፤ ማታ ሰው ሁሉ በአነጋገሩ ስቆ ይተኛል፣ ጠዋት እሱ ቢሮው ይገባል፣ መንገዱም እንደተቆፈረ ይውላል፡፡ የተጎዳችው ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሴት ብቻ ናት፡፡

ድሬ ላይ ይኼን ባናውቅ ያሳፍራል፡፡ በእኛ ከተማ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ፣ በኦሮምኛ ታጥፎ፣ በሶማሊኛ ሊያልቅ ይችላል፤ ማንም አይደነግጥም፡፡ ከዚራ የሚያወራው ሌላ፣ መጋላ የሚያወራው ሌላ ነው፣ ደቻቱን ሲሻገር ደግሞ ሁሉም ይቀላቀላል፡፡ እዚህ አነጋገር ላይ መቀለድ ማለት አንዱ ጎረቤት ላይ መቀለድ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም፡፡ ከተማዋ በተረበሸችባቸው ጊዜያትም አይተነዋል፤ ክፉው ነገር ሁሉ ገና ወሬ ሳለ ቀልድ መስሎ ነበር የሚመጣው፡፡

በአራተኛው ቀን አንድ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይዘን አምስታችንም አዴ ቤት ሄድን፡፡ መምህሩ ይቅርታ ጠየቀ፡፡ አዴ ቡናውን ተቀበሉት፤ ይቅርታውን ግን ገፋ አደረጉት፡፡

«እኔ ይቅርታ አላልኩህም፡፡ ጥያቄ ነው የጠየቅኩህ፡፡ ያንን ሰውዬ እንዳንተ አድርገህ አናግረውና አስቀኝ፡፡ ከሳቅሁ እወጣለሁ፡፡»

ቀላል መስሎት እዚያው ሞከረ፡፡ ያንኑ መግለጫ፣ ቃል በቃል፣ በራሱ አማርኛ፡፡

ማንም አልሳቀም! እኛም አልሳቅንም፡፡ ለካ ውስጡ ምንም ቀልድ አልነበረም፡፡ ስለ መንገዱ አንድም ነገር አላለም፡፡ ቀልዱ አነጋገሩ ብቻ ነበር፡፡

የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ሆነ፡፡ የእውነት ሥራ፡፡ ከሰፈራችን አለፍ ብሎ ያለውን መንገድ (ስሙን እንለፈው) አምስታችን በእግራችን ሄድነው፤ ጉድጓዶቹን ቆጠርን፡፡ 43፡፡ ባጃጅ ነጂው እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ዘመድ ያውቀዋል፤ የትኛው መቼ እንደተወለደ ይናገራል፡፡ ሕግ ያጠናው ነዋሪዎቹን እየጠየቀ መንገዱ ይሠራል የተባለው ስንት ጊዜ እንደሆነ ጻፈ፡፡ መምህሩ ከዚህ ሁሉ ተነስቶ አዲስ አራት ደቂቃ ሠራ፡፡ በዚህኛው ዜና ጉድጓዶቹ እንደ ቀበሌ ቁጥር አላቸው፡፡ «የጉድጓድ 17 ነዋሪዎች የመልካም አስተዳደር ጥያቄ አነሱ፡፡» «ጉድጓድ 08 እና ጉድጓድ 09 በፈቃዳቸው ተዋህደው አንድ ትልቅ ጉድጓድ መሠረቱ፤ የምሥረታ በዓሉም ባጃጆች በተገኙበት በድምቀት ተከበረ፡፡» «ጉድጓድ 31 አንደኛ ዓመቱን አከበረ፤ ሻማውን ያጠፋው ዝናብ ነው፡፡» ኃላፊው ሲመጣ ደግሞ ጥርት ባለ፣ መጽሐፍ በሚመስል አማርኛ፣ አንድም ቃል ሳያጣምም፣ ምንም አይናገርም፡፡ ምንም! አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚያምር አማርኛ፣ ውስጡ ባዶ፡፡

አዴ ሳቁ፡፡ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ ኦቾሎኒው ከጭናቸው እስኪወድቅ፡፡ ሲጨርሱ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉና የተመልካች አስተያየታቸውን ሰጡ፤

«ጉድጓድ 22 ውስጥ እኔ ወድቄያለሁ፡፡ ለምን አላወራህም? ጨምርበት፡፡»

ጨመረበት፡፡ ራሳቸውን ቀርፆ፣ በኦሮምኛ፡፡ አዴ አሁን የጉድጓድ 22 ዘጋቢያችን ናቸው፡፡ የሶማሊኛውን ደግሞ ማዶ ያለው ባለሱቅ ይዞታል፡፡ ሙሴ በፈረንሳይኛ የአየር ፀባይ ልስራ እያሉ ነው፤ ማን እንደሚሰማቸው አናውቅም፣ ግን እንቢ ያላቸው የለም፡፡

ከዚህ ሁሉ ካርቶን ላይ የጻፍናቸው ሦስት ነገሮች አጎበሩ ላይ ተለጥፈዋል፡፡ አንደኛ፣ በቃሉ እንጂ በአነጋገሩ አትሳቅ፡፡ ሁለተኛ፣ ሳትቆጥር አትቀልድ፤ ጉድጓዱን ሄደህ እየው፡፡ ሦስተኛ፣ ከሦስት ጊዜ አንዴ በራስህ ግቢ ላይ ሳቅ፡፡ (በሦስተኛው መሠረት የባለፈው ሳምንት ዜና «ሥራ ፈላጊዎች የሻይ ዕዳቸውን በአምስት ዓመት ዕቅድ ለመክፈል ቃል ገቡ» የሚል ነበር፡፡ ባለሻይዋ በጣም ነው የወደደችው፡፡)

የቀረው የእህትየው ጥያቄ ነው፡፡ ይውጣ ወይስ እዚሁ ግቢ ይቅር? ድምፅ ሰጥተን ነበር፤ ስድስት ለስድስት ወጣ (ፍየሏ አልቆጠረችም፤ አንድ ሰው ጎረቤት ጨምረናል)፡፡ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፡፡ «እንልቀቀው» የሚሉት፣ 43 ጉድጓድ አሥራ ሁለት ሰው ፊት ቢወራ አንዱም አይደፈንም ይላሉ፡፡ «ይቅር» የምትለው እህት ደግሞ የወሩ መጨረሻ ሲመጣ ጤፍ የሚገዛው ሳቅ አይደለም ትላለች፡፡ ስቀን የማናልፈው ነገር ነው፡፡ እሷ ፈሪ አይደለችም፤ ሒሳብ የምትሠራው እሷ ስለሆነች ነው፡፡ የሚቀልደው ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ይቀልድ ነበር፡፡ ከኋላው የሚበላ አፍ ስላለ ነው አብዛኛው ሰው ዝም የሚለው፡፡

ስለዚህ ለጊዜው የወሰንነው ይኼ ነው፡፡ «የአጎበር ዜና» በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ሦስት ተኩል ላይ በግቢያችን ይታያል፡፡ ወንበር ይዞ መምጣት ግዴታ ነው፡፡ ባለፈው ዓርብ ሃያ ስድስት ሰው ነበር፡፡ እህትየውም ነበረች፤ ከኋላ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ ማን እንደገባ እያየች፡፡ አንድ ጊዜ ግን፣ ጉድጓድ 08 እና 09 ሲዋሃዱ፣ ዞር ብላ ሳታይ ስትስቅ ይዘናታል፡፡

እና እናንተ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያላችሁ ሰዎች፣ «ምን ልታዘዝ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁን ትእዛዛችን አጭር ነው፡፡ አንድ የሚያስቅ ዜና፡፡ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፡፡ ሃያ ደቂቃ ይበቃናል፡፡ ቋንቋው እንደ ድሬ ይቀላቀል፡፡ ስኳሩን ቀነስ አድርጉት፤ የሰው አፍ አትጨምሩበት፡፡ ያስተናገደን ልጅም በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ሥራው ላይ እንድናገኘው፡፡

ነጋያን ቡላ፡፡ ቸር ወሬ ያሰማን!